ያልተራበ ተኳሽ

እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ዩሱፍ ዲኬች የሚባል የ51 ዓመት ቱርካዊ በአንድ እጁ ሽጉጥ ደገነ፣ ሌላኛውን ኪሱ ከተተ። ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች የሚያደርጉት ልዩ ሌንስ የለም፣ የዓይን መከለያ የለም። ተራ መነጽር፣ ተራ ቲሸርት። ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ቡድን የብር ሜዳሊያ ወሰዱ፤ በማግስቱ ፎቶው የሁላችንንም ስልክ አጥለቀለቀው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረታችን ፊት ቢኖረው ያንን ፊት ይመስል ነበር።

እኔ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። የተኮስኩት ፓብጂ ላይ ነው፣ እሱም እንደነገሩ። ከዚያ ፎቶ በኋላ ግን ተወዳዳሪ ተኳሾች እርስ በርስ ምን እንደሚባባሉ የመከታተል አባዜ ያዘኝ። ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ የሌላ ሙያ ሰዎች ወሬ ደስ ይለኛል። ተኳሾች ደግሞ ወሬያቸው አያልቅም። የጫማ ሶል፣ የእጀታ ቅርጽ፣ ከውድድር በፊት ቡና ይጠጣ ወይስ አይጠጣ (እጅ ያንቀጠቅጣል የሚሉ አሉ፤ ለለመደ ሰው ደግሞ መተው ነው የሚያንቀጠቅጠው የሚሉም አሉ፤ የከፋ ልጅ እንደመሆኔ ከማን ጋር እንደቆምኩ ግልጽ ነው)።

ከወሬው መሀል ግን የማይለወጡ ምክሮች አሉ። የመጀመሪያው ጀማሪን ሁሉ ግራ ያጋባል፦ ኢላማውን አትየው። ዓይን በአንድ ጊዜ ቅርብም ሩቅም አጥርቶ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ የሽጉጥ ተኳሽ ጥርት አድርጎ የሚያየው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ ነው፣ ኢላማው ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ሁለተኛው፦ ቃታውን ሳብ እንጂ አትመንጭቀው፤ የሚፈነዳበትን ቅጽበት አንተም በትክክል ባታውቀው ይሻላል። ሦስተኛው፦ ቤትህ ውስጥ ባዶ መሣሪያ ይዘህ ግድግዳ ላይ እያነጣጠርክ ያለ ጥይት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ቃታ ሳብ። አራተኛው የምወደው ነው፦ ውጤቱን ከማየትህ በፊት ጥይቱ የት እንዳረፈ ተናገር። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ዝቅ ብሎ» በል፣ ከዚያ እይ። የተናገርከውና ያየኸው ከተለያዩ ችግሩ ያለው ራስህን በምታይበት ዓይን ላይ ነው። ይሄን ምክር ለጀማሪ ፕሮግራመሮች ሁሉ ባስተምር ደስ ይለኛል።

የሁሉም መጠቅለያ ግን አንድ ነው፦ አስሩን አትፈልገው። በአየር ጠመንጃ ኢላማ ላይ አስር ነጥብ የምታሰጠው ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። እሷን አጥብቆ የፈለገ ሰው ትንፋሹ ይዛባል፣ ጣቱ ይቸኩላል፣ ይስታል። አሜሪካዊው ማቲው ኤመንስ አቴንስ 2004 ላይ በ50 ሜትር ጠመንጃ ፍጻሜ እየመራ የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ፤ ጥይቱ የጎረቤቱን ኢላማ መታ። ዜሮ። ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ። ከአራት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ እንደገና እየመራ የመጨረሻው ጥይቱ 4.4 ሆነ፤ ያለ ሜዳሊያ ቀረ። ይሄ ሰው ከዓለም ምርጦች አንዱ ነበር፣ እዚያው አቴንስ ላይ በሌላ ውድድር ወርቅ ወስዷል። አቴንስ ላይ የቼክ ተኳሽ ካተሪና ኩርኮቫ መጥታ አጽናናችው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ተጋቡ። መሳት እንዲህም ያለ መጨረሻ ሊኖረው ይችላል።

«አትፈልገው» የሚለው ምክር ላይ ግን እንቅፋት መታኝ። ይሄን ምክር መፈጸም የሚችለው ማን ነው? ቢስትም እራት የሚበላ ሰው ነው። ኤመንስ ሲስት ሜዳሊያ አጣ። በታሪክ ውስጥ አብዛኛው አነጣጣሪ ሲስት ያጣው ሥጋውን ነው። አሰልጣኝ ያላስተማረው፣ ግን ትንፋሹን መያዝ፣ ነፋስ ማንበብ፣ ግማሽ ቀን ሳይንቀሳቀስ መጠበቅ የሚያውቅ ሰው ነበር፣ ዛሬም አለ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ባደግኩበት አገር አሉ። ማንጆ ይባላሉ።

የከፋ ሰው ያልሆነ አንባቢ ላያውቃቸው ስለሚችል ባጭሩ ልንገራችሁ። ማንጆዎች በከፋ ውስጥ በቁጥር አነስ ያሉ ማኅበረሰብ ናቸው። በቀድሞው የከፋ መንግሥት ዘመን ከሥራቸው አንዱ የግዛቱን መግቢያ በሮች መጠበቅ ነበር፤ አዳኝነታቸው ደግሞ የታወቀ ነው። በጦርና በወጥመድ ያድናሉ፣ ጫካውን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ኋላ ላይ አደኑ ሲጠብባቸው ብዙዎቹ ማገዶና ከሰል እየሸጡ ኖሩ። የከርከሮ፣ የጉሬዛና የጃርት ሥጋ ይበላሉ ተብሎ ርኩስ ተባሉ። ከሌላው ሰው ቤት አይገቡም፣ ከአንድ ገበታ አይበሉም፣ አይጋቡም። ምግብ ቢሰጣቸው ደጅ ላይ በቅጠል ነበር። ይሄን የምለው የጥንት ተረት እያወራሁ አይደለም፤ የእኔ ትውልድ ያየው ነገር ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ 10 ሜትር ላይ ወረቀት ሲመታ ሜዳሊያ እናጠልቅለታለን። ሌላው ጨለማ ጫካ ውስጥ የሚሮጥ ከርከሮ በጦር ሲመታ ስኒያችንን እንሸሽግበታለን። ሙያው አንድ ነው፦ ዓይን፣ ትንፋሽ፣ ትዕግሥት፣ እጅ። ታዲያ ክብሩን የለያየው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፣ ደግሞም ዋጋ አለው፦ ወረቀት አይሞትም። ውድድሩ ጉዳቱን ከሙያው ላይ አራግፎ ጥሏል። እውነት ነው፣ ዝም ብሎም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ በሕይወት ያሉ እርግቦች እየተለቀቁ ተተኩሶባቸዋል፤ አሸናፊው ቤልጂጋዊ 21 ወፍ ገደለ። ዛሬ በእርግቧ ቦታ የሚወረወረው የሸክላ ሳህን ነው። የፈጣን ሽጉጥ ውድድርም ለረጅም ጊዜ ኢላማው የሰው ቁመና ቅርጽ ነበር፤ ክብ ተደረገ። አንድ ማኅበረሰብ ከመግደያ ሙያ ውስጥ መግደሉን አውጥቶ ሙያውን ማስቀረት መቻሉ እኔ ትልቅ የሥነ ምግባር ሥራ ነው እላለሁ።

ግን ሚዛናችን ጉዳት ቢሆን ኖሮ ደረጃው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የአማርኛን ፉከራ አስቡት፦ «ገዳይ» ውዳሴ ነው። አንበሳ የገደለ ጎፈር አናቱ ላይ ደፍቶ በአደባባይ ይታይ ነበር። ሰው የገደለም እንዲሁ ይዘፈንለታል። በ1890 ዓ.ም. መባቻ ላይ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን የያዘው በጠመንጃ ብዛት ነው፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ተወሰደ። በዚያ ዘመቻ ላይ ጥሩ የተኮሰ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ እጁን ታጠብ፣ ደጅ ቁም፣ በቅጠል ብላ ያለው የለም። እልልታ ነው የጠበቀው። እናም ጉዳት ሚዛኑ አልነበረም። የሰው ደም ያላረከሰውን እጅ የከርከሮ ደም እንዴት ያረክሰዋል?

ሁለተኛው መልስ መግደሉን ትቶ መብላቱ ላይ ያተኩራል። የምንበላውንና የማንበላውን እምነታችን ወስኖልናል ይላል። ይሄንን አከብራለሁ፤ ማንም ሰው ጉሬዛ ብላ ተብሎ መገደድ የለበትም። ግን አለመብላት ሌላ፣ ከበላው ጋር አለመቀመጥ ሌላ። ደግሞ የኢንጂነሪንግ ጭንቅላቴ አንድ ፈተና ያቀርባል፦ ምክንያት የተባለውን ነገር አውጣና ውጤቱ ይጠፋ እንደሆነ እይ። ይሄ ፈተና ከፋ ውስጥ በገሃድ ተደርጓል። ብዙ ማንጆዎች ክርስትናን ተቀብለዋል፣ የዱር ሥጋ መብላት ትተዋል። መገለሉ ግን አብሮ አልቀረም። ሥጋው ከምጣዱ ወጣ፣ ስኒው ግን እንደተለየ ነው። ስለዚህ ሥጋው ምክንያት ነበር ማለት ያስቸግራል፤ ሰበብ ነበር ብንል ይቀላል።

ከዚያ ምን ይቀራል? እኔ እንደሚመስለኝ የሚቀረው ረሃብ ነው። ሙያን የምንለካው ከሆድ ባለው ርቀት ነው። ሳያስፈልገው የሚተኩስ ሰው ጨዋ ነው፤ ስለሚያስፈልገው የሚያድን ሰው ዝቅ ያለ ነው። ለዚህ ከኦሎምፒክ የቀረበ ማስረጃ እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። በባሌና በአርሲ ተራሮች የውጭ አገር አዳኞች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍለው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ የደጋ አጋዘን ይተኩሳሉ። ቀንዱን ይዘው ይሄዳሉ፣ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ስሙ «ስፖርት» ነው። ገንዘቡ ለጥበቃ ይውላል የሚል ክርክር አለ፣ ባዶ ክርክርም አይደለም፤ የጉሬዛ አደን መከልከሉንም እደግፋለሁ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ ያን ሰው ሆቴል ውስጥ ቡና ሲያዝ በየትኛው ስኒ ይሰጠው ብሎ የጠየቀ አስተናጋጅ የለም።

ነገሩ የማንጆ ብቻ አይደለም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን ምን ስንል እንደኖርን ታውቃላችሁ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጀዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ማረሻውን ከቀጥቃጩ እየገዛን፣ ጀበናውን ከሸክላ ሠሪዋ እየገዛን፣ ሰውየውንና ሴትየዋን ቡዳ ማለት ለማንም እንግዳ አልሆነም። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ የስኒን ጉዳይ ግን ፖሊስ ገብቶ አያየውም።

ማንኪራ ሄጃለሁ። ከቦንጋ ብዙም አይርቅም፣ ዴቻ ወረዳ ነው፤ የቡና መገኛ የሚባለው ጫካ እዚያ ነው። እንግዳ የሚመጣው ያንን ለማየት ነው፦ ያለ ሰው እጅ በቅሎ፣ ትልልቅ ዛፎች ሥር ተጠልሎ የሚኖር ቡና። ያስጎበኘን ወጣት ስለ ቡናው ብዙ ያውቃል። በመሀል ግን ቆም ብሎ ጭቃ ላይ ያለ ዱካ አሳየን፤ ከርከሮ ነው፣ ትናንት ማታ አልፏል፣ ወደ ታች ነው የሄደው አለን። እንዴት አወቅህ ስለው «የጫካ ሰዎች አስተማሩኝ» አለና ዝም አለ። «የጫካ ሰዎች» ያላቸው እነማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ አያስፈልግም ነበር። የከፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለውን ጫካ ዱካ በዱካ የሚያውቅ ሰው በየትኛውም አገር «ኤክስፐርት» ተብሎ አበል ይከፈለዋል።

ከተኳሾቹ ወሬ የቀናሁበት እዚህ ላይ ነው። እነሱ ዘንድ ምክር ነገ ለሚያሸንፋቸው ተቀናቃኝ ሳይቀር ይሰጣል። ጀማሪው «ለምን ወደ ግራ እየሄደብኝ ነው?» ይላል፣ አስር ሰው ይመልስለታል፦ አያያዝህን እይ፣ ጣትህን ቃታው ላይ በጣም አታስገባው፣ እግርህን ትንሽ አዙር። ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ምን በልተህ መጣህ የሚል የለም። በርግጥ ይሄ ጨዋነት ርካሽ ነው፤ መሣሪያው ውድ፣ ክለቡ በክፍያ ስለሆነ ድሃው ቀድሞውኑ በሩ ላይ ቀርቷል። ቢሆንም ከገቡ በኋላ ሰውን የሚያውቁት በእጁ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ላስባችሁ። ነገ ቦንጋ ከተማ ውስጥ የቀስት ወይም የአየር ጠመንጃ ክለብ ተከፈተ እንበል። ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ላኩ፣ አሰልጣኝ መጣ፣ 10 ሜትር ተለካ፣ ወረቀት ተሰቀለ። ከሚመዘገቡት ልጆች አንዷ አያቷ አዳኝ የነበሩ የማንጆ ልጅ ናት፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ መጠበቅ ታውቃለች። የዞን ውድድር ታሸንፋለች፣ ክልሉን ወክላ አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ሜዳሊያ ይዛ ትመለሳለች። ከንቲባው እጇን ይጨብጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶውን ሁላችንም እናጋራዋለን። ከዚያ ከቡድኑ ልጆች የአንዷ እናት «ኑ ቡና ጠጡ» ብላ ሁሉንም ቤቷ ትጠራለች። እጣኑ ይጨሳል፣ ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹ ተደርድረዋል፣ አንደኛው ይቀዳል። ልጅቷ በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነው።