በደራርቱ መኩራት ቀላል ነው

«የእኛ ሴት እንደ ሌላው ክልል አይደለችም፤ የደራርቱ አገር ልጅ ናት!» ሰሞኑን አርሲ ውስጥ ዴራ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲፎክሩ የሰማኋቸው አባወራዎች ናቸው። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ጄሪካን አዝላ በፊታቸው ስታልፍ ቀና ብሎ ያያት የለም። በትምህርት ሰዓት! ወንድሟማ ክፍል ውስጥ ነው።

ጎበዝ፣ ትንሽ እንኳ አናፍርም?

በክልሎች መካከል ልዩነት አለ፣ ማን ካደ! በ2008ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት በሶማሌ ክልል ከመቶ 99፣ በትግራይ 24 ነበሩ። የእኛዋ ኦሮሚያስ? 76! ከአራት ሴቶች ሦስቱን ገርዘን በሌላው ላይ ጣት እንቀስራለን።

በደራርቱ እንኮራለን። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ናት፤ ይገባታል። አበራሽ በቀለስ? እሷም የአርሲ ልጅ ናት። በ14 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት ቆመች፤ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። በእሷ የሚፎክር ግን አልሰማሁም። ያኔ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ከግንቦት 1997 ወዲህ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ግን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፤ ጋብቻም አያድነውም። ታዲያ ዛሬም «በእርቅ ይለቅ» የሚል ሽማግሌ መች አጣን!

የአርሲ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የተባለውን በትር ታስይዛት ነበር። ሚስቱን የደበደበ ባል ደጃፍ ላይ ሲንቄ የያዙ ሴቶች ይሰበሰቡበታል፤ ይቅርታ ሳይጠይቅ ንቅንቅ አይሉም። ዛሬ ስሙን ለባንክ ሰጥተን (ባንኩስ ይሁን) ዱላውን ለሚስት አስቀረን። የደራርቱ አገር!

ደግሞ ለሴት ልጁ ደብተር መግዣ የሚያጣ አባት የጫት አያጣም። ጎረምሳውም የኳስ ውርርድ ቤት ተጎልቶ የእንግሊዝ ቡድን ስም ሲደረድር ይውላል፤ እህቱ የምትማረውን ጠይቁት፣ አያውቅም። ፈጣሪ ይህን ይወዳል?

የዴራ አባቶች፣ የአሰላም የበቆጂም፣ ሌላውን ክልል ተዉት። 18 ዓመት ላልሞላት ልጃችሁ ሽማግሌ ከመጣ በር ዝጉበት። ከተጠለፈችም ለእርቅ አትቀመጡ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።