የአሮጌው መስመር ተራ

በሐዋሳ አንድ የባጃጅ ተራ አስከባሪ ነበሩ እንበል። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት ሾፌሮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ፈረቃ ሲለቀቅ ባጃጁ ሞልቶ ይሄዳል፣ ሞልቶ ይመለሳል። ሁሉም ሥራ የጀመረበት የታቦር ተራራ ግርጌ መስመር ግን ጭር አለ። እዚያ የሚቆሙት ጥቂት ናቸው፤ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው፣ ከገጠር ገና የመጣና ሰፈሩን የማያውቅ ተማሪ።

ተራ አስከባሪው መጀመሪያ መከሩ። "ልጆቼ፣ እናንተም እኮ እንጀራ የበላችሁት በዚሁ መስመር ነው" አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም አልሄደም። ቀጥለው ቀጡ፤ ሾፌሮቹ መደበቅ ጀመሩ። በመጨረሻ አንዱ ወጣት እውነቱን አወጣው፦ "ጋሼ፣ የዚያ መስመር ሒሳብ ነዳጄን እንኳ አይሸፍንም። እኔ የምፈልገው ማታ ፓርኩ በር ላይ ቀድሜ መሰለፍ ነው።"

ሲያወጡ ሲያወርዱ አደሩና ደንብ አወጡ። ጠዋት በታቦር መስመር አንድ ምልልስ የሠራ፣ ማታ በፓርኩ ሰልፍ ፊት ይቆማል። መስመሩ ወዲያው በባጃጅ ተሞላ፤ ባጃጆቹ ግን ባዶ ነበሩ። ደርሶ መመለስ እንጂ መጫን መች ተጠየቁ? ሰው ያልጫነ አይቆጠርም ተባለ። አሁን ደግሞ እናትየውን ዳገቱ ሥር አውርደው ይፈተለካሉ፤ ተማሪው ሰፈሩን ጠይቆ ሳይጨርስ "ውረድ፣ ደርሰሃል" ይባላል። ስለዚህ ተራ አስከባሪው ለተሳፋሪው ካርድ ያድሉ ጀመር። ተሳፋሪው ካርዱን ለሾፌሩ የሚሰጠው ደጁ ሲደርስ ብቻ ነው፤ የከተማው እንግዳ የያዘው ካርድ ደግሞ የሁለት ተራ ነው። ከዚያ ወዲያ ሾፌሮቹ እንግዳ ይሻሙ ጀመር።

ይህን ያሰብኩት ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወታቸውን የኦንላይን ጨዋታዎች ይዤ ነው። አዲስ ምዕራፍ በተጨመረ ቁጥር ነባሩ ተጫዋች ወደዚያ ይነጉዳል፤ ዛሬ የሚጀምረው ደግሞ አራት ሰው ከሚጠይቅ አሮጌ ዋሻ ደጅ ሦስት አጋር አጥቶ ይቀራል። በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ተሠርቶ የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 14 መፍትሔውን "ዱቲ ሩሌት" ብሎታል። ተጫዋቹ ዕጣ ወደጣለው ዋሻ ይገባል፤ ጉልበቱ ዋሻውን በሚመጥን ልክ ይቀነሳል፤ በቀን አንዴ የሚያገኘው ዋናው ክፍያ ግን ዛሬ የሚፈልገውን ትጥቅ የሚገዛ ነው። ከቡድኑ ዋሻውን አይቶ የማያውቅ ካለ ለሁሉም ጉርሻ ይጨመራል። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ታይምዎኪንግ" በሚለው ሥርዓት ነባሮቹን ጉልበታቸውን ቀንሶ ወደ ድሮ ዋሻዎች ይመልሳል። የአሮጌው ቦታ ሽልማት ለነባሩ ምንም አይደለምና፣ ክፍያው በአዲሱ ቦታ የሚሠራ መሆኑ የግድ ነው።

በጨዋታዎቹም ውስጥ የሚከንፉ ሾፌሮች አልጠፉም። በፋይናል ፋንታሲ 14 "ፕሪቶሪየም" በተባለው ዘመቻ ነባሮቹ የታሪኩን ትዕይንቶች እየዘለሉ ይሮጡ ነበር። አዲሱ ስንት ሰዓት የደከመለትን ፍጻሜ ተመልክቶ ቀና ሲል ጠላቱ ቀድሞ ወድቋል። የጨዋታው ሠሪ ድርጅት ትዕይንቶቹ እንዳይዘለሉ ከለከለ፤ የጥበቃውን ዋጋም ክፍያው ላይ ጨመረ። ብዙ ነባሮች ረዘመብን ብለው አማረሩ። እኔ ግን ከሩሌቱም ከጉርሻውም ይልቅ ይህን ውሳኔ አከብራለሁ፤ አሥር ጊዜ ያየው ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እስኪጨርስ አጠገቡ እንዲቆይ የተከፈለው እዚህ ላይ ነው።