ከዳዊቱ ሥር ያለው መጽሐፍ

እስቲ ዛሬ ሳንተፋፈር እንነጋገር። በዚህ ወራት ብዙዎቻችን የምናነበው ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ነው። ጧት የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና ዳዊት እንደግማለን፤ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ እንገልጣለን። የንስሐ አባታችን ብቅ ሲሉ ግን ልብ ወለዱን ከዳዊቱ ሥር እንሸሽጋለን። ታዲያ ኀጢአቱ ማንበባችን ነው ወይስ መሸሸጋችን?

ልብ ወለድ ሐሰት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ብዙ አያስኬድም፤ ጌታችንም የጠፋውን ልጅ ነገር በምሳሌ አስተምሯል። ክብደት ያለው ክስ ጊዜያችንን ይሻማል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዘን ስንት ሌሊት ጸሎታችንን አስታጎልን! ይሁን እንጂ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይኸው የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ስለ ስእለት ክፉኛ አስጨንቆናል። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ተሳሉ፤ እርሱን ግን ማንም አልጠየቀውም። ሰው በሌላው ሰው ዕድሜ ሊሳል ይችላልን? ግማሻችን «ሐናስ ሳሙኤልን ሰጥታ የለምን?» አልን፤ ግማሻችን ሳሙኤል በኋላ በገዛ አፉ «ባሪያህ ይሰማል» ማለቱን አነሣን። ክርክሩ ከሰንበት ወደ ሰንበት ተሻገረ። ሳሙኤልን ከልጅነታችን ጀምሮ ስናነብ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አልመጣብንም ነበር።

ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ማር ይስሐቅ ነው። እርሱን በሩሲያዊው ዶስቶየቭስኪ ልብ ወለድ ውስጥ እናገኘዋለን ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1880 በተፈጸመው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ ግሪጎሪ የተባለው ሽማግሌ አሽከር የይስሐቅን መጽሐፍ ለዓመታት ያነብባል፤ እምብዛም አይገባውም፤ ግን ይወድደዋል። (ከእኛስ ስንቱ እንዲሁ ነው!) በኋላ የይስሐቅ መጽሐፍ የሚታየው በነፍሰ ገዳዩ በስሜርድያኮቭ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሰረቀውን ሦስት ሺህ ሩብል ይሸፍንበታል።

ይህን ስናነብ ዝም አልን። የእኛ ነገር ከደም ገንዘብ ጋር አይተካከልም፤ ቢሆንም እኛም ቅዱሱን መጽሐፍ ክዳን አድርገነዋል።

ከዚህ በኋላ ከመካከላችን አንዱ ልብ ወለዱን በግልጥ ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። አባታችን ተቀብለው አገላበጡትና መለሱለት። ከዚያም፣

«የዛሬውን ውዳሴ ማርያም ደግመሃል?» ብለው ብቻ ጠየቁት።

አልደገመም ነበር።