ሳያዩ መያዝ

አባቴ አጋሮ ላይ ቡና ሰብሳቢ ነበር። ከጎማ ገጠሮች እሸትና ጀንፈል እየገዛ ጅማ ላሉ ነጋዴዎች ያስረክባል። መደብሩ ውስጥ አንድ የዱቤ ደብተርና አንድ የዋንዛ ሣጥን ነበሩ። ደብተሩን እኛ ልጆቹም እንገልጠው ነበር፤ ማን ስንት ኪሎ አመጣ፣ ማን ለሠርግ ብር አስቀድሞ ወሰደ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሣጥኑን ግን ማንም አይነካም። የሰው አማና ነበረበት። ሐጅ የሚሄድ፣ ሌባ የፈራ፣ ከትዳሩ የተጣላ፣ ልጁን ያላመነ ሰው ዕቃውን በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣል። አባቴ ይቀበላል፣ ምልክት ያስርበታል፣ ያስቀምጣል። «ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

ሲሞት እናቴ ባለአማናዎቹን አንድ በአንድ አስጠራች። ሁሉም የየራሱን ወሰደና አንድ ቋጠሮ ቀረ። ታላቅ ወንድሜ «እንፍታው፣ ስም ይኖርበት ይሆናል» አለ። ክፉ አላሰበም፤ ለባለቤቱ ለመመለስ ነው። እናቴ ግን «አባታችሁ ያላየውን እናንተ አታዩም» ብላ ከለከለች። ቋጠሮው ከዓመት በላይ ተቀመጠ። ከዚያ አንዲት ሴት ከጂዳ ተመልሳ መጣች፣ ምልክቱን ተናገረች፣ ወሰደች። ምን እንደነበረበት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ጅማ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰው ስልኩን ሰጥቶኝ፣ ፓስወርዱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎልኝ «ለአሥር ሰዓት ይደርሳል?» ይለኝና ይሄዳል። ስክሪን ቀይሬ መሥራቱን ለማየት ስከፍተው ፎቶው፣ የቴሌብር ሒሳቡ፣ የሐኪም ወረቀቱ ፊቴ ይደረደራል። አንድ ቀን በማውቀው ሰው ስልክ ላይ ስለ ሌላ የማውቀው ሰው የተጻፈ ነገር ዓይኔ ገባ። ሁለት መስመር ነው፤ ፈልጌ አላነበብኩትም። ከዚያ ወዲህ የተጻፈበትን ሰው መስጊድ ሳገኘው ሰላምታዬ እንደ ቀድሞው ሊሆንልኝ አልቻለም። እሱ የሆነውን አያውቅም። እኔ ግን ያልተሰጠኝን ወስጄበታለሁ።

ስለዚህ ነገር ሳወራቸው «እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚሉኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። ይህ አባባል ያሳዝነኛል፤ ምስጢርን ከጥፋት ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ሱረቱ አን-ኑር ወደ ሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ፈቃድ እንድንጠይቅና ሰላምታ እንድናቀርብ ያዘናል። ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ መሰለልን ይከለክላል። ሁለቱም ትእዛዞች «እቤቱ ውስጥ ኃጢአት አለ ወይስ የለም?» ብለው አይጀምሩም። ስለ ከሊፋ ዑመር የሚተረከውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ በሌሊት ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በአጥር ተንጠላጥለው ሲገቡ ሰውየውን ከመጠጥ ጋር ያገኙታል። ሰውየውም እኔ አንድ አጥፍቻለሁ፣ እርስዎ ግን ሰልለዋል፣ በበር አልመጡም፣ ሳያስፈቅዱም ገብተዋል ይላቸዋል። ዑመር ትተውት ወጡ። ኃጢአቱ እውነት ነበር፤ በሩም እውነት ነበር። የመርማሪው ጽድቅ የበሩን መብት አላስቀረውም።

ታዲያ ዛሬ የምንናገረውን ሁሉ የምናስቀምጥበት ሣጥን የማን ነው? ፌስቡክ ቋጠሮውን ተቀብሎ ዝም ብሎ የሚያስቀምጥ ባለአደራ አይደለም። እየፈታ ያያል፣ ይመዝናል፣ ባየው መጠን ማስታወቂያ ይሸጣል፤ ኑሮው በማየቱ ላይ የቆመ ነው። ሲበድል ደግሞ ማንን አስጠርተን ሽማግሌ ፊት እናቀርባለን? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ተገደሉ። ልጃቸው እንዳለው ከግድያው በፊት የአባቱ ስም፣ ፎቶና ሠፈር ፌስቡክ ላይ ሲሰራጭ ለኩባንያው ደጋግሞ አመልክቷል። በፌስቡክ ባለቤት ላይ ክሱን የመሠረተው በሚቀጥለው ዓመት ናይሮቢ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው የወሰነው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ነው። አባቱ የተገደለበት ልጅ ባለሣጥኑን ፍርድ ቤት ለማቆም ብቻ ዓመታት ፈጀበት።

የሩቁ ባለሣጥን ወደ ጫካችንም መጥቷል። አጎቴ ጌራ አካባቢ ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ የቡና ማሳ አለው። በአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ፣ ቡና ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ ያልበቀለ መሆኑን ለማረጋገጥ የማሳውን መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ተራዝሟል፤ ምዝገባው ግን ቀድሞ ጀምሯል። አንድ ወጣት ስልክ ይዞ መጣ፣ ማሳውን ዞረ፣ የአጎቴን ስም፣ ስልክና ፎቶ መዘገበ፣ ሄደ። አጎቴ ደኑን ስለሚወድ ሕጉን አልጠላውም። ሌላ ነገር ነው የጠየቀኝ፦ «የወሰደውን የት አስቀመጠው? ቢሳሳት ማን ጋ ሄጄ አስተካክላለሁ?» የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህንኑ የመጠየቅና የማሳረም መብት ይሰጠዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመልእክት ግንኙነትን ይጠብቃል። ነገር ግን አጎቴ የሚያስፈልገው ደጁን የሚያንኳኳበት ቤት ነው፤ ያንን ቤት ላሳየው አልቻልኩም።

ወደ ሠፈሬ ልመለስ። ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። እድራችን ለቅሶ የሚነገረው በቴሌግራም ሆኖ ስለነበር ሥራ ፈትቶ የነበረው ጡሩምባ ነፊ እንደገና ተጠራ። የካቲት 2015፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ውዝግብ በተነሣ ጊዜ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው አምስት ወር ገደማ ቆዩ። የሚዘጋው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክና ዋትስአፕ በራሳቸው መሐንዲሶች ስሕተት ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተዋል። የሁሉም ሰው ቋጠሮ አንድ ሣጥን ውስጥ ከሆነ የአንድ ሰው እጅ ሁሉን ይቆልፋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ባትሪው ደኅና የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ይዤ እድር ቤቱ የገባሁት። ራውተር ሰቀልኩ፣ ሰርቨር ጫንኩበት። ውጪ ያለው ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ በእድር ቤቱ ዋይፋይ ክልል ያለ ሰው መልእክት ይለዋወጣል። መጀመሪያ የጫንኩት ማስቶዶን የሚባለውን ማኅበራዊ መገናኛ ነበር። ጀርመናዊው ኦይገን ሮህኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ባለቤትና ደንብ አለው፣ ግን እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ለእድሩ ሽማግሌዎች በጅማ መንግሥት ኬላ አስመስዬ አስረዳኋቸው። አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ አገራቸውን ራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር፤ ነጋዴው ከየአቅጣጫው በኬላ ገብቶ ሂርማታ ይወርዳል። መንገዱ የሁሉም፣ ኬላው ግን የአገሬው ነው። ወደዱት። እኔም ኮራሁ።

ታናሽ እኅቴ ግን አልተመዘገበችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት በግልጽ ነገረችኝ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ፌስቡክ ያየኛል፣ ግን አያውቀኝም። አንተ ታውቀኛለህ፤ ባለቤትህም ታውቀኛለች። የትዳሬን ነገር ለጓደኛዬ ብጽፍ እዚያ ላፕቶፕ ላይ አይደል የሚቀመጠው? ከሠፈር ዓይን የባዕድ ዓይን ይሻለኛል።»

የምመልስላት አጣሁ። እውነቷን ነው፤ በማስቶዶን ለአንድ ሰው ብቻ የተላከ መልእክትም ቢሆን ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ሊያነበው ይችላል። እኔ ትልቁን ባለሣጥን ስከስ ቆይቼ ትንሹ ባለሣጥን ሆኛለሁ። በእኛ ትናንሽ ከተሞች ደግሞ የሩቅ ኩባንያ ሚሊዮን ጊዜ ቢያየን ማስታወቂያ ይልክልናል፤ ጎረቤት አንዴ ቢያየን ትዳር ይፈርሳል። ቅርበት በራሱ ቅድስና አይደለም። ሱረቱል አሕዛብ አማና ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች ቀርቦ ለመሸከም እንደፈሩ፣ የሰው ልጅ ግን እንደተሸከመው ይናገራል። ያን ሌሊት ይህ ቦታ ትዝ ሲለኝ ለተራሮቹ አዘንኩላቸው፤ ምን እንዳስፈራቸው ገባኝ። እኔ ላፕቶፑን ስሸከም ደስታ እንጂ ፍርሃት አልተሰማኝም ነበር።

ስለ አባቴ ሣጥን በደንብ ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው አባቴን ያምነው የነበረው ጎረቤት ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤት ሆኖ ስለማያይ ነው። ቅርብ በመሆኑ «አማናዬን መልስ» ይሉታል፤ ቋጠሮው የታሰረ በመሆኑ ደግሞ በፊቱ አያፍሩም። ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ የንስሐ አባቱ በስም ያውቁታል፣ ቤቱ መጥተው ጠበል ይረጫሉ፣ የሰሙትን ግን ይዘውት ይሞታሉ። የትኛውም ሃይማኖታችን አደራን ለማይታወቅ ሰው ስጡ አላለንም፤ የምታውቁት ሰው ይፍታውም አላለንም።

ስለዚህ ማስቶዶንን ለእድሩ ማስታወቂያ ብቻ ተውኩት፤ ለቅሶ፣ ስብሰባ፣ መዋጮ፣ ማንም ቢያየው የማይጎዳው። ለግል ንግግር ማትሪክስ የሚባለውን ጫንኩ። በዚያ ላይ መልእክቱ ከላኪው ስልክ ሳይወጣ ይቆለፋል፣ ቁልፉም በተነጋጋሪዎቹ ስልክ ብቻ ይቀመጣል። ላፕቶፑ ላይ የሚቀረው ቋጠሮው ነው። ማን ከማን ጋር በስንት ሰዓት እንደተነጋገረ ግን አሁንም ይታየኛል፤ ይህንንም ለሽማግሌዎቹ ሳልደብቅ ተናገርኩ። መዝገቡን በየሳምንቱ እንድሰርዝ ወሰኑ፣ እሰርዛለሁ። እኅቴ ከሁለት ወር በኋላ ተመዘገበች። ምን እንደምትጽፍ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት የእድራችን ገንዘብ ያዥ የነበሩት ሽማግሌ ሞቱ። ልጃቸው ስልካቸውን ይዛ ሱቄ መጣች። የድምፅ መልእክቶቻቸው በእኛ ሰርቨር ላይ ናቸው፤ የእሳቸው ቁልፍ ያለው ግን በዚያ ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልኩም በፓተርን ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ ድምፁን መስማት እፈልጋለሁ። ሊከፈት ይችላል?»

ስልኩ አሮጌ ነው። መዋሸት አልፈለግኩም፤ «ምናልባት ይቻል ይሆናል» አልኳት።

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ፣ «ሦስት ወር ታመመ። በየቀኑ አጠገቡ ነበርኩ። ፓተርኑን ሊያሳየኝ ይችል ነበር» አለች።

ዝም አልኳት።

«እስካስብበት አንተ ጋ ይቀመጥልኝ። አማና» ብላ ሰጠችኝና ወጣች።

አጠፋሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ በቀይ ክር ምልክት አሰርኩበት፣ ወደ አጋሮ ስሄድ ይዤው ሄጄ የዋንዛው ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።