የመኪና ጾም በጣርማ በር

መኪና ያለው ሰው መኪናውን ትቶ በአውቶቡስና በእግሩ ቢጓዝ መንፈሳዊ ትርጉም አለው? ይህን ጥያቄ ያነሱብኝ ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ደብረ ሲና ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጡ እናት ናቸው። መኪናዬን ቤት ትቼ እንደወጣሁ፣ ደብረ ሲና ሳልደርስ ጣርማ በር ወርጄ፣ እዚያ ውዬ በዚያው ቀን አዲስ አበባ እንደምመለስ ስነግራቸው ገረማቸው። «ልጄ፣ እያለሽ መንገላታት ምን ይሉታል? እኛ እኮ ቢቸግረን ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሸኖና ጫጫ ላይ ከነሸክሙ ተሳፍሮ ደብረ ብርሃን የሚወርደው ገበሬ አውቶቡስን አልመረጠም። የእሱን ማጣት ጽድቅ ብሎ ማወደስ ግፍ ነው።

ጾም ግን መንገድ ያሳየናል። ምግብ ያጣን ሰው ጹም አንለውም፤ የሚጾመው ያለው ሰው ነው። አባቶችም ጾምን ከጸሎትና ከምጽዋት ነጥለው አያስተምሩም፤ የተተወው ምሳ ለተራበ ካልደረሰ ጾሙ ጎዶሎ ነው።

ታዲያ መኪና የሚጾም ሰው የሚተወው ምኑን ነው? ጣርማ በር ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ እዚያ ነው። በመኪና ብሄድ ዋሻው በደቂቃ ያልቃል። ገደሉንና ጭላዳውን በመስኮት አይቼ፣ ከማንም ጋር ሰላምታ ሳልለዋወጥ እመለሳለሁ። «ወራጅ አለ» ብዬ የወረድኩ ዕለት ግን የመመለሻው ሚኒባስ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገኝ ሰው መጠየቅ አለብኝ። ጉሙ ሲወርድ የማላውቀው ሰው ደጅ እጠለላለሁ። ከየት እንደመጣሁ ስጠየቅ እመልሳለሁ። የምተወው እንግዲህ «ሰው አያስፈልገኝም» የሚለውን ትዕቢት ነው። እንግድነትም የሚጀምረው ሰው ሲያስፈልገን ነው።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነጻ ቀን ተጀምሮ አዲስ አበባ አስፋልቷን ለእግረኛ ስትለቅ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ልጆች መሀል መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ማየት በረከት ነው። እዚያ ግን መንገዱን የሚለቅልን ደንብ ነው። ጣርማ በር ላይ ቦታ የሚለቅልኝ ጋቢውን ሰብስቦ ጠጋ የሚል ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ ዕዳ አለብኝ።

ስለዚህ መሄድ ለሚያስብ ሰው የምመክረው ይህን ነው። የመንገዱን ሰላም ጠይቅ፤ ማለዳ ተነሣ፤ ሳይመሽ ተመለስ። ለነዳጅ ታወጣው የነበረውን ገንዘብ እዚያው አውጣው፦ ምሳህን እዚያው ብላ፣ የደብረ ሲናን ቆሎ ከምትሸጠው ሴት ጋር በዋጋ አትከራከር። ከተማ ስትመለስም የአውቶቡስ ተሳፋሪው መጠለያ፣ መቀመጫና ንጹሕ መጸዳጃ እንዲያገኝ ድምፅህን አሰማ። እኛ ለአንድ ቀን የመረጥነው ጉዞ ለሌላው የዕድሜ ልክ ኑሮ ነው። የእሱን ሸክም በጥቂቱ እንኳ ካላቀለለ፣ ቀኑ ያማረ ሽርሽር ይሆናል እንጂ ጾም አይሆንም።