ማን ይጀምር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የቀጥታ ጉባኤያችን የሚተላለፍበት ሰርቨር ጠፍቶ ሲነሣ የሁላችሁም ግንኙነት ይቋረጣል። ሰርቨሩ ማን ገብቶ እንደነበር አያስታውስም፤ ወደ ስልካችሁም አይደውልም። በደንብ የተሠራ መተግበሪያ ግን ጥፋቱ የእርሱ ባይሆንም ራሱ ደግሞ ያንኳኳል፤ ካልተከፈተለት 1፣ 2፣ 4 ሰከንድ እየታገሠ ይሞክራል።

እኛ በላክነው ገንዘብ ከወንድማችን ተቀያይመን፣ «ያጠፋው እርሱ ነው፤ እርሱ ይደውል» እያልን ዓመት እንቆጥራለን። ማን በደለ አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ይጀምር ሌላ ነው። ጌታችን በማቴዎስ 5፥23-24 ዕርቅን ከመባ አስቀድሞ፣ ሂድ ያለው መባ የያዘውን ነው። መደወል ሒሳቡን መተው አይደለም፤ በሩን መክፈት ነው። ዛሬ ባያነሣ ነገ ሞክሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።