ውሃ ወረደች፣ ውሃ መጣ

አንኮበር ላይ "እገሌ የት ሄደች?" ብላችሁ ብትጠይቁ "ውሃ ወርዳለች" ትባላላችሁ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ጥያቄው "ውሃ መጣ እንዴ?" ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን "የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?" እያልኩ አሰለች ስለነበር ልማዱ አለቀቀኝም። በመጀመሪያው ባለቤቷ ሴቲቱ ናት፤ ውሃው ካለበት ሆኖ ይጠብቃታል። በሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ ውሃው ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲፈልግም ሳይሰናበት ይቀራል። ጠባቂዎቹ እኛ ነን። በቋንቋችን የሰዋስውም የንብረትም "ባለቤት" አንድ ቃል መሆኑ እዚህ ላይ ያሳስባል።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን ከተራራ ላይ የቆረቆሯት ጠላትን ከሩቅ ለማየት ስለሚመች ነው፤ ምንጭ ግን ከተራራ አናት ላይ አይገኝም። ስለዚህ ሴቱ ይወርዳል፣ እንስራ ተሸክሞ ይወጣል።

ከምንጭ ዳር ያለውን ሥርዓት ያየ ሰው ያውቀዋል። ጀሪካንና እንስራው እንደ ሰው ይሰለፋል፣ ባለቤቶቹ ዳር ይዘው ያወራሉ። ሰልፉ ታዲያ እንዲሁ ሰልፍ ብቻ አይደለም። አራስ ቤት ትታ የመጣች ትቀድማለች። እንግዳ የመጣባት፣ ድስት ጥዳ የወጣች "እህቶቼ፣ ልለፍ?" ብላ ታልፋለች። ሦስተኛ ጀሪካን ይዛ "ልድገም" የምትለዋን ግን ዓይን ይበላታል። ጠብ የለም ማለቴ አይደለም፤ እንስራ የተሰበረበት ጠብ ሞልቷል። ግን ማን ስንት እንደቀዳ፣ ማን ባዶውን እንደተመለሰ ሁሉም ያያል። ይሉኝታ የሚሠራው ዓይን ባለበት ነው።

ቧንቧ ይህን ዓይን ጋረደው። ቧንቧን መርገሜ አይደለም፤ የእናቶችን ወገብ ያሳረፈ ነገር አይረገምም። የማወራው ውሃው ሲያንስ ስለሚሆነው ነው። ውሃ ሲያንስ ከተሞቻችን የሚያውቁት መፍትሔ ፈረቃ ነው። አዲስ አበባም ያው ነው። ለዚህ ሰፈር ማክሰኞ፣ ለዚያኛው ሐሙስ። ሲያዩት ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የለም፤ ለሁሉም እኩል ሰዓት።

እስቲ እንቁጠር። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ነው እንበል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብቻ ቢያስብ፣ ለሳምንት 700 ሊትር ይፈልጋል። በጀሪካን 35 መሆኑ ነው። ሦስት በአራት በሆነች የኪራይ ክፍል ውስጥ 35 ጀሪካን የት ይቀመጣል? አልጋው ላይ? ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰውዬ ግን ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሰቅሏል። ውሃው ሲመጣ እሱ ተኝቶም ይሞላለታል። እሷ ውሃው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከመጣ፣ በዚያ በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ ጋቢ ተከናንባ ባልዲ ይዛ ትቆማለች። ቀን ከመጣ ደግሞ ሥራ ላይ ናት። ሰዓቱ ለሁለቱም እኩል ነው፤ ውሃው ግን የሚከፋፈለው በሰዓት ሳይሆን በዕቃ ነው። ሮቶ፣ ፓምፕ፣ ቤቱ ያለበት ቁልቁለት፣ ቀን ቤት የሚውል ሰው መኖሩ፤ የፈረቃው እውነተኛ ዳኞች እነዚህ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም።

ይባስ ብሎ ታሪፉ አለ። ብዙ የፈጀ ለአንዱ ሜትር ኩብ የበለጠ ይክፈል የሚለው ሐሳብ ቅን ነው፤ ለድሃ ታስቦ የተሠራ ነው። ቆጣሪው ግን ሰው አይቆጥርም። ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ እያንዳንዱ በወር ሦስት ሜትር ኩብ ቢቀዳ ቆጣሪው 18 ይላል። ውድ ወደሆነው እርከን ይወጣል። ብቻውን በግቢው የሚኖረው፣ አትክልቱን ካላጠጣ በቀር፣ ከርካሹ እርከን አይወጣም። ለድሃ የታሰበው ቅናሽ በር ተሳስቶ ገባ።

ከዚያ ማስታወቂያው ይመጣል፤ "ውሃ አታባክኑ!" እዚህ ላይ የጅቡና የአህያዋ ተረት ትዝ ይለኛል። ጅቡ ከወንዙ በላይ ቆሞ፣ ከታች የምትጠጣዋን አህያ "ውሃውን አደፈረስሽብኝ" አላት። ውሃ ሽቅብ እንደማይሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። "ሳታመካኝ ብላኝ" አለችው። ሲተረክልን እንስቃለን። ይሁን እንጂ አምስት ጀሪካን ላላት ሴት "አታባክኚ" የሚል ምክር ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ፊቷን የታጠበችበትን ለልብስ፣ የልብሱን ለወለል የምታውል ሰው ናት። ስለ ቁጠባ እሷ ናት ማስተማር ያለባት።

ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኬፕ ታውን በ2010 ዓ.ም. ውሃዋ ሊያልቅ ደርሶ፣ ቧንቧው የሚዘጋበትን ቀን "ዜሮ ቀን" ብላ ሰይማ ነበር። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ተፈቀደ። ሁሉም እኩል ይታገሥ ተባለ። በ2015 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ግን የከተማዋን ውሃ አጠቃቀም በሞዴል አስልቶ ሲያሳይ፣ ከቤተሰቡ 14 በመቶ ያህል የሚሆኑት ባለጸጎችና ደህና ገቢ ያላቸው ውሃውን ከግማሽ በላይ ይጠቀማሉ፤ 62 በመቶ የሚሆኑት ድሆች የሚደርሳቸው 27 በመቶ ገደማ ነው። ከላይ ያለው ማን እንደሆነ እነሆ።

ድርቅ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይገዝፋል። ሰሜን ሸዋ ደጋው የበልግ አገር ነው፤ በልግ ሲቀር ማድጋውም ጎተራውም አብረው ይጎድላሉ። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከዳ፣ ክረምቱም በኤልኒኖ ሰበብ ተቀጠፈ። በማግሥቱ ዓመት በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የዕርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ። እህሉ ተቆጠረ፣ በነፍስ ወከፍ በኪሎ ተመዘነ። የውሃ ራሽን ግን በቧንቧ አፍ እንጂ በነፍስ አይቆጠርም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉት ወገኖቻችን ደግሞ ቧንቧም ቆጣሪም ስለሌላቸው ከፈረቃው ዝርዝር ውስጥ እንኳ የሉም።

ሕጉ ምን ይላል? የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በግልጽ ቋንቋ፣ ለቤት የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት ይቀድማል ይላል። ቢራ ፋብሪካ ላላት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ሊትር ቢራ ለመጥመቅ አራት አምስት ሊትር ውሃ ይሄዳል። ፋብሪካው የራሱን ጉድጓድ ቢቆፍርም ከመሬት በታች አጥር የለም። ግን አዋጁ ቤትን ከፋብሪካ ሲያስቀድም፣ ከቤትና ከቤት መካከል ማን እንደሚቀድም ለፈረቃው ተወው። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተሠራበት ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ደግሞ ለገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ለከተማ ሰው እንደ ሕዝቡ ብዛት ከ40 እስከ 100 ሊትር መድቦ ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የከተማ ሽንት ቤት ሳይቀር ውሃ ይጠጣል። ቢሆንም የአንኮበር ገበሬ ሚስት አውቶቡስ ተሳፍራ ደብረ ብርሃን ስትወርድ ጥሟ የሚጨምር አይመስለኝም።

የሚገርመው ዘዴውን ገበሬው ያውቀዋል። በባህላዊ መስኖ ላይ "የውሃ አባት" የሚባል አለ። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ተራ ያወጣል፣ ቦዩ ዳር ይወርዳል፣ ውሃው እታች ማሳ መድረሱን በዓይኑ ያያል፣ ሌሊት ቦይ የጠለፈውን ያስቀጣል። ፍርዱ ሁሌ ንጹሕ ነው አልልም፤ ዘመድ አለው፣ እሱም ማሳ አለው። ግን ስም አለው፣ ቤቱ ይታወቃል፣ ሲያዳላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠየቃል። የኛን ፈረቃ ማን አወጣው? ዋናውን ቧንቧ የሚዘጋውስ ሰው እታች ሰፈር ባልዲው መሙላቱን ማን ነግሮት?

ይህን ስል አንድ ባለ ሮቶ ወዳጄ ተቆጣኝ። "ሮቶዬን ሰርቄ አላመጣሁት፤ ለፍቼ ነው የገዛሁት" አለኝ። እውነቱን ነው። ቤቱ ባዶ እንዳይሆን የሚያስብን አባወራ ማን ይወቅሳል? ሮቶው ኃጢአት የለበትም። ከመስመሩ በቀጥታ በፓምፕ እየሳቡ የጎረቤትን ቧንቧ ማንኮራፋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በገንዘብ የተገዛ ቢሆንም የሚስበው የሰው ተራ ነው። ወዳጄ ፓምፕ የለውም፤ ስለዚህ ተስማማን። ሮቶው ሲሞላ ግቢው ውስጥ ያሉት ተከራዮች ከዚያ ይቅዱ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ወሬ ለወጠ።

"እሺ፣ ለኛ ሰፈር የውሃ አባት ማን ይሁን ትላለህ?" አለኝ ኋላ ላይ፣ እየሳቀ።

"ተከራዮችህን ጠይቃቸው።"

ሰዓቱን አየ። "አሁን ሥራ ላይ ናቸው፤ የሚገቡት ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው።"

የዚያን ቀን ውሃው የሚሄደው በ10 ሰዓት ነበር።